የአርሰናልን የሜዳ ጨዋታ በኤምሬትስ ስታዲየም ለማየት ትኬት የሚገኝበት መንገድ፦ ከአገር ውስጥም ከውጭም ለሚነሱ ኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አርሰናል በኤምሬትስ ስታዲየም ሲጫወት በአካል ተገኝቶ ማየት የብዙ ኢትዮጵያዊ ደጋፊ የዓመታት ምኞት ነው። ምኞቱ ሳይሳካ የሚቀረው ግን ሁልጊዜ በገንዘብ እጥረት አይደለም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ባለማወቅም ነው። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ የስታዲየሙን ትኬት «እዚያው ስደርስ በር ላይ እገዛለሁ» ብሎ የሚነሳ ሰው ጥቂት አይደለም። ለሊግ ጨዋታ እንዲህ ያለ ዕድል እንደሌለ አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከስቶክሆልም ወይም ከዋሽንግተን ተነስቶ ለንደን ላይ አንድ ጨዋታ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ትኬቱ ለምን እንደሚጠፋ ማወቅ የትኛውን መንገድ መያዝ እንደሚሻል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ኤምሬትስ 60,704 መቀመጫዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት የዓመት ትኬት ባላቸው ደጋፊዎች የተያዙ ናቸው። በፕሪሚየር ሊግ ደንብ መሠረት 3,000 ያህል መቀመጫ ደግሞ ለእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ይሰጣል። የክብር እንግዶችና የመስተንግዶ መቀመጫዎች ሲቀነሱ የሚተርፈው በመላው ዓለም ላሉ የክለቡ አባላት የሚከፋፈል ነው። ስለዚህ አባል ያልሆነ ሰው የሚበዛውን በር ገና ከመነሻው ዘግቶ ይጀምራል ማለት ነው።

አንደኛ፦ የራስዎን መለያ በትክክለኛ ስም ይክፈቱ

በክለቡ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ የደንበኛ መለያ መክፈት ክፍያ የለውም፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆኖም እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ቀላል ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። ቅጹ የሚጠይቀው አንድ የመጀመሪያ ስምና አንድ የቤተሰብ ስም ነው፤ ፓስፖርታችን ግን የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይዟል። በፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ያለውን፣ ፊደል በፊደል፣ በዚያው አጻጻፍ ያስገቡ። በአባልነቱ ላይ የአባት ስም፣ በባንክ ካርዱ ላይ የአያት ስም፣ በቪዛው ላይ ሌላ አጻጻፍ ከሆነ በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቁ ማስረዳት ያስቸግራል። የትውልድ ቀን ሲሞሉም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን፣ እንግሊዞች ቀኑን ከወሩ እንደሚያስቀድሙ፣ አሜሪካኖች ደግሞ ወሩን እንደሚያስቀድሙ ያስታውሱ።

የሚሰጡት ኢሜይል በየቀኑ የሚከፍቱት ይሁን። ክለቡ ለአባላት ትኬት የሚያከፋፍልበት የዕጣ ውጤት፣ የቀን ለውጥ፣ የክፍያ ማረጋገጫ ሁሉ የሚመጣው በእሱ ነው። የወንድም ልጅ የከፈተልዎት፣ የይለፍ ቃሉም በእሱ እጅ የሚገኝ ኢሜይል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛ፦ አባል ይሁኑ፣ ጊዜውንም ያስቡ

አርሰናል አባላቱን በደረጃ ይከፍላል። ጎልድ የሚባሉት የዓመት ትኬት ያላቸው ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ሲልቨር የወረፋ ዝርዝር ያለው ሲሆን፣ አዲስ ገቢ የሚቀላቀለው ሬድ የሚባለውን ደረጃ ነው። ሬድ አባልነት በየውድድር ዘመኑ የሚታደስ ክፍያ አለው፤ የትኛውም አገር የሚኖር ሰው ሊገዛው ይችላል። ለልጆችም በዕድሜያቸው የተለየ አባልነት አለ።

ሁለት ነገሮች በግልጽ ይታወቁ። አባልነት ትኬት አይደለም፤ ለትኬት ለመወዳደር የሚያስችል መብት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ አባልነት የአንድ ሰው ነው፤ ባልና ሚስት አብረው መግባት ከፈለጉ ሁለቱም አባል መሆን አለባቸው፤ ለንደን ያለው የአክስት ልጅ አብሮ እንዲገባ ከታሰበ እሱም እንደዚሁ። ብዙ ሰው አንድ አባልነት ገዝቶ ለአራት ሰው ትኬት ለማውጣት ይሞክርና ዕጣው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ጊዜን በተመለከተ፣ የዘመኑ አባልነት መሸጥ የሚጀምረው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በበጋ ወራት ነው፤ ይኸውም በእኛ ክረምት። ጉዞው ለመጋቢት ቢታሰብ እንኳ አባልነቱን ዘመኑ ሲከፈት መግዛት ይሻላል፤ ዕጣዎቹ የሚወጡት ከጨዋታው ብዙ ሳምንታት ቀደም ብለው ስለሆነ ዘግይቶ የገባ ሰው የሚፈልገው ጨዋታ ዕጣ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። የክፍያውም ሆነ የአሠራሩ ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚሻሻል ያምናውን ደንብ ከሰው አፍ ከመስማት የዘንድሮውን በክለቡ ገጽ ላይ ማንበብ ይገባል።

ሦስተኛ፦ ጨዋታ ሳይሆን የጨዋታዎች ሳምንት ይምረጡ

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህንን ነው። ብዙ ደጋፊ ሐሳቡን የሚጀምረው ከትልቁ ጨዋታ ነው፦ የሰሜን ለንደን ደርቢ ከቶተንሃም ጋር፣ ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ወይም ሊቨርፑል። ክለቡ ጨዋታዎችን በተፈላጊነታቸው ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይመድባል፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይለያያል። ለአንድ የኤ ምድብ ጨዋታ ብቻ ብሎ ከአዲስ አበባ መነሳት ሁሉንም ነገር በአንድ ዕጣ ላይ ማሰር ነው። ይልቁንስ አርሰናል በአስር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በሜዳው የሚጫወትበትን ወቅት ፈልገው ጉዞውን በዚያ ላይ ይመሥርቱ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ የሊግ ጨዋታ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የቻምፒየንስ ሊግ፣ በቀጣዩ ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ሌላ የሊግ ጨዋታ። ለሁሉም ዕጣ ገብተው አንዱ ቢደርስዎ ጉዞው ተሳካ ማለት ነው። ከታችኛው የሰንጠረዡ ክፍል ካለ ቡድን ጋር የሚደረግ ጨዋታ ያው ሜዳ፣ ያው ቡድን፣ ያው ዝማሬ ነው፤ ጎሉም ብዙ ጊዜ ይበዛል።

መርሐ ግብሩን ሲያነቡ አንድ ወጥመድ አለ። የፕሪሚየር ሊጉ ሙሉ መርሐ ግብር በሰኔ አጋማሽ አካባቢ ሲወጣ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ቅዳሜ በለንደን ሰዓት 15:00 ተብለው ይጻፋሉ። ይህ ጊዜያዊ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚያስተላልፏቸውን ጨዋታዎች ሲመርጡ ጨዋታው ወደ ዓርብ ምሽት፣ ወደ ቅዳሜ 12:30 ወይም 17:30፣ ወደ እሑድ ወይም ሰኞ ምሽት ሊዛወር ይችላል፤ የአርሰናል ጨዋታዎች ደግሞ በብዛት ከሚመረጡት መካከል ናቸው። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከ14:45 እስከ 17:15 እግር ኳስ በቀጥታ እንዳይተላለፍ የቆየ ክልከላ ስላለ፣ ለቴሌቪዥን የተመረጠ ጨዋታ ከዚያ ሰዓት መውጣቱ ግድ ነው። ቡድኑ በዋንጫ ውድድሮች ሲገፋም የሊግ ጨዋታ ወደ ሌላ ሳምንት ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ የቴሌቪዥን ምርጫው ይፋ ከመሆኑ በፊት የማይቀየር የአውሮፕላን ትኬት አይቁረጡ፤ መቁረጥ ግድ ከሆነም ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ የሚያስቆይ ይሁን።

አራተኛ፦ የቪዛውን ጉዳይ ከትኬቱ ጋር ሳይሆን ከቀኑ ጋር ያያይዙ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወደ እንግሊዝ ለመግባት የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድም ይህን አያስቀርም። ማመልከቻ ማስገባት የሚቻለው ከጉዞው ቀን ቢበዛ 3 ወር ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ውሳኔው ብዙውን ጊዜ የጣት አሻራ ከተሰጠ በኋላ በ3 ሳምንት ገደማ ይመጣል፤ ሆኖም ሊዘገይ ስለሚችል ወሩን ሙሉ መስጠት ይሻላል። የስዊድን፣ የጀርመን ወይም የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ወገኖች ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ግን እነሱም በኢንተርኔት ወይም በስልክ መተግበሪያ የሚወጣ የጉዞ ፈቃድ መያዝ ግዴታቸው ሆኗል። በአውሮፓ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ እንደ ዜጋ አይቆጠርም፤ ስለሚያስፈልገው ቪዛ አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

የጨዋታ ትኬት ለቪዛ ዋስትና እንደማይሆን አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። መርማሪው የሚያየው አመልካቹ ወደ ሥራውና ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ መሆኑን፣ ወጪውንም በራሱ ወይም በታወቀ ሰው ገንዘብ የሚሸፍን መሆኑን ነው። በትኬት ፎቶ ቪዛ እናወጣለን የሚል ደላላ ከሰሙ ይራቁ።

አምስተኛ፦ ዕጣ ውስጥ ይግቡ

ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ አርሰናል ለሬድ አባላት የሊግ ትኬት የሚያከፋፍለው በዕጣ ነው። ቀድሞ ትኬት በተከፈተበት ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ የተሰለፈ ነበር የሚያገኘው፤ ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት ሰው ተጎጂ ነበር። በዕጣ ግን ምዝገባው ለቀናት ክፍት ስለሚሆን በመጀመሪያው ሰዓት የገባና በመጨረሻው ቀን የገባ እኩል ናቸው። ለእኛ አገር ደጋፊ ይህ ለውጥ መልካም ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወደ መለያዎ ገብተው ክፍት የሆኑትን ጨዋታዎች ያያሉ፤ የሚፈልጉትን መርጠው የሚከፍሉትን የዋጋ ደረጃ ያመለክታሉ፤ አብረዋችሁ የሚገቡ ሰዎች ካሉ በአባልነት ቁጥራቸው አንድ ላይ ይመዘገባሉ። ሊከፍሉ የሚችሉትን የዋጋ ደረጃ ሁሉ ይምረጡ፤ ርካሹን መቀመጫ ብቻ የመረጠ ሰው ዕድሉን ያጠባል። ብዛት ያለው ቡድን ሆኖ ከመመዝገብ ሁለት ሁለት ሆኖ መመዝገብ ተለያይቶ መቀመጥን ያስከትል ይሆናል እንጂ አንዱ ቢያጣ ሌላው እንዲያገኝ ይረዳል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ኢሜይሉን መከታተል ነው። ሲደርስዎ ክፍያው ከተመዘገበው ካርድ ላይ እንዲቆረጥ በውጤቱ ሰሞን በካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ መኖሩን ያረጋግጡ።

ስለ ካርዱ ጥቂት ልጨምር፤ ከኢትዮጵያ የሚሞክር ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የሚያስፈልገው በውጭ ድረ ገጽ ላይ መክፈል የሚያስችል ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተር ካርድ ነው። ባንኮቻችን ለተጓዦች የሚሰጡትን ካርድ ከመያዝዎ በፊት በኢንተርኔት ግዢ ላይ እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ኤቲኤም ላይ ብቻ የሚሠራም አለና። ክፍያው በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ከጠየቀ፣ ቁጥሩ የሚመጣበት ሲም ካርድ በስልክዎ ውስጥ መሆን አለበት።

ስድስተኛ፦ ዕጣው ካልወጣልዎ ትኬት ኤክስቼንጅን ይጠብቁ

ዕጣ አለመውጣቱ የመጨረሻው መልስ አይደለም። ጨዋታው ላይ መገኘት የማይችሉ የዓመት ትኬት ባለቤቶች መቀመጫቸውን በክለቡ ትኬት ኤክስቼንጅ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አባላትም በመደበኛው ዋጋ ይገዙታል። ጨዋታው ሲቃረብ የሚለቀቀው መቀመጫ ይበዛል፤ ሰው ታሞ፣ ሥራ ገጥሞት ወይም ባቡር ተሰርዞበት ትኬቱን የሚመልሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። አንድ ነጠላ መቀመጫ ከሁለት ተያያዥ መቀመጫዎች በብዙ ይቀላል። በካርታው ላይ ብቅ ያለው መቀመጫ ወዲያው ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድመው ወደ መለያዎ ገብተው፣ የካርድ ቁጥሩን በእጅዎ ይዘው፣ ገጹን በየጊዜው እያደሱ መጠበቅ ነው። መቀመጫው የት እንደሆነ እያማረጡ ደቂቃ ማባከን አይገባም፤ በኤምሬትስ ከየትኛውም ወገን ሜዳው በደንብ ይታያል።

ሽያጭ የሚከፈትበት ሰዓት ሁልጊዜ በለንደን አቆጣጠር ነው የሚነገረው። በእነሱ 10:00 ጠዋት የሚል ማስታወቂያ በክረምታቸው ወራት በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን፣ በበጋቸው ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ለውጡ የሚደረገው በመጋቢት የመጨረሻ እሑድና በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ነው፤ ሁለቱም ወሮች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰባተኛ፦ ሌሎቹን ሕጋዊ በሮች አይናቁ

ክለቡ ዕውቅና የሰጣቸው የደጋፊ ማኅበራት በብዙ አገሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ለአባሎቻቸው የሚያከፋፍሉት ትኬት ያገኛሉ። የሚኖሩበት አገር ማኅበር በክለቡ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ መቀላቀል ጥሩ ነው። የመስተንግዶ ትኬት ደግሞ ያለ አባልነት የሚገዛ፣ ምግብንና የተሻለ መቀመጫን የሚያካትት ነው፤ ዋጋው ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀኑን ማስተካከል ለማይችልና ገንዘቡ ላለው ሰው፣ ለምሳሌ ለጫጉላ ጉዞ ለመጣ ጥንድ፣ ከጥቁር ገበያ ይልቅ እጅግ የተሻለ ነው።

ከሊጉ ውጭም ዕድል አለ። የሊግ ካፕ የመጀመሪያ ዙሮች ትኬት ርካሽና ቀላል ነው፤ ተጋጣሚውና ቀኑ የሚታወቀው ግን ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ስለሆነ ለንደን ወይም ቅርብ አገር ለሚኖር ይመቻል። ልጆች ይዞ በክረምት ዕረፍት ለሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ ከውድድር ዘመኑ በፊት በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ የሚደረገው የኤምሬትስ ካፕ የሚካሄድ ከሆነ እሱን አስቀድሜ እመክራለሁ።

የሴቶቹን ቡድን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። አርሰናል ሴቶች ከ2024/25 ጀምሮ ዋና ሜዳቸውን ኤምሬትስ አድርገዋል፤ በግንቦት 2025 ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ቻምፒየን ሆነዋል። በየካቲት 2024 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሲጫወቱ 60,160 ሰው ገብቷል። ትኬታቸው ያለ አባልነት የሚሸጥ፣ በዋጋውም ቤተሰብን የማይጎዳ ነው። የወንዶቹን ጨዋታ ያጣ ሰው ለዚህኛው ትኬት ሳይቆርጥ ከለንደን መመለስ የለበትም።

ስምንተኛ፦ ከአየር ባየር ሻጮች ይጠበቁ

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ የእግር ኳስ ትኬትን ያለ ፈቃድ መልሶ መሸጥ ወንጀል ነው። ሕጉ የሚቀጣው ሻጩን ነው፤ ገዢው ግን በር ላይ ትኬቱ ተሰርዞ ሊያገኘው ይችላል፤ ገንዘቡንም የሚመልስለት የለም። መቀመጫቸውን ሌላ አገር ያደረጉ ትልልቅ የዳግም ሽያጭ ድረ ገጾች መኖራቸው፣ በፍለጋ ገጽ አናት ላይ መታየታቸውም ሕጋዊ አያደርጋቸውም።

የማጭበርበሪያ ምልክቶቹ ለመለየት አያስቸግሩም። የአርሰናል ትኬት በስልክ ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል ማለፊያ ስለሆነ፣ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ የሚላክ «ትኬት» ዋጋ የለውም። «ግማሹን አሁን ላክ፣ ቀሪውን በር ላይ» የሚል፣ የሌላ ሰው የአባልነት ስልክ ላከራይህ የሚል፣ ከጨዋታው በኋላ ስልኩን ትመልሳለህ የሚል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሻጩ አማርኛ ተናጋሪ መሆኑ፣ የአንድ አካባቢ ልጅ መሆኑም ዋስትና አይሆንም፤ በወገን ስም የጠፋ ገንዘብ ብዙ ነው፣ ያሳዝናልም።

ዘጠነኛ፦ ስልኩንና የጨዋታውን ቀን ያዘጋጁ

ማለፊያው ወደ ስልክ ዋሌት (ካርድና ትኬት ወደሚቀመጥበት የስልክ መተግበሪያ) የሚጫን ሲሆን በሩ ላይ ስልኩን ወደ ማንበቢያው በማስጠጋት ይሠራል። ለዚህ ስልኩ ኤንኤፍሲ የሚባለው አገልግሎት ሊኖረው ይገባል። በአገራችን ገበያ የሚበዙት ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። በስልኩ የግንኙነት ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ቃሉን ይፈልጉ፤ ከሌለ ለጉዞው ሌላ ስልክ ማዘጋጀት ወይም ቀደም ብሎ ለክለቡ የትኬት ክፍል መጻፍ ነው። ማለፊያውን ከሆቴል ሳይወጡ፣ ዋይፋይ ባለበት ይጫኑት፤ በስታዲየሙ ዙሪያ በስድሳ ሺህ ሰው መካከል ኔትወርክ ሊጨናነቅ ይችላል። ባትሪውንም ይሙሉ።

ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ ይዘው አይሂዱ። የተጋጣሚውን ቡድን ማሊያ ለብሶ በአርሰናል ደጋፊዎች መካከል መቀመጥ ያስወጣል፤ አብሮ የመጣ የቶተንሃም ደጋፊ ጓደኛ ካለ ይህን ይንገሩት። አልኮል በስታዲየሙ ውስጥ ቢሸጥም ሜዳው ወደሚታይበት መቀመጫ ይዞ መግባት በሕግ የተከለከለ ነው።

ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ፒካዲሊ የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሳይቀይሩ እስከ አርሰናል ጣቢያ ያደርሳል፤ ሻንጣውን ግን አስቀድመው ሆቴል ያኑሩ። ጨዋታው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። በማለፊያው ላይ የበሩ ፊደል፣ ብሎኩ፣ ረድፉና የመቀመጫው ቁጥር ተጽፏል፤ ዙሪያው ረጅም ስለሆነ በተሳሳተ በር ከተሰለፉ ተመልሶ መዞሩ ጊዜ ይወስዳል። ሲወጡ አርሰናል ጣቢያ ላይ ሰልፉ ይረዝማል፤ ሆሎዌይ ሮድ ጣቢያ ደግሞ በጨዋታ ቀን ገደብ ስለሚደረግበት አይመኩበት። ወደ ፊንስበሪ ፓርክ ወይም ወደ ሃይበሪ እና ኢዝሊንግተን በእግር መሄድ ይሻላል፤ ሁለቱም በቪክቶሪያ መስመር ወደ መሐል ከተማ ይወስዳሉ።